የተመዘገበ ኩባንያም ገንዘብ ይበላል

«ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ መተርጎም ነው፣ በፍሪላንስ። እንግሊዝ ሀገር ተመዝግቤያለሁ ከሚል ድርጅት ጋር ስሠራ ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ላይ ያለ ችግር ከፈሉኝ፤ ገንዘቡ ግን የሚላከው በኩባንያው ስም ሳይሆን ሌላ ሀገር ካለ ግለሰብ ነበር። ከዚያ ሁለት ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ)፣ አንዱ 600፣ አንዱ 800 ፓውንድ፣ ሳይከፈለኝ ቀረ። አድራሻቸውን ስፈልግ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች የተመዘገቡበት ሕንፃ ሆኖ አገኘሁት። ደነገጥኩና የተርጓሚዎች ግሩፕ ላይ «አጭበርባሪዎች ናቸው፣ ተጠንቀቁ» ብዬ ለጠፍኩ። ግማሹ «እኛንም በልተውናል» አለ። ግማሹ ደግሞ «ሁለት ዓመት ሠርተናል፣ አንድም ቀን አላጓደሉብንም፣ የሰው ስም አታጥፊ» ብሎ ተነሳብኝ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ «ጽሑፉን ካላነሳሽ በስም ማጥፋት እንከስሻለን፤ ደግሞም አንቺ ራስሽ የተመዘገበ ድርጅት ስለሌለሽ ኢንቮይስሽ ሕጋዊ አይደለም፣ ልንከፍል አንገደድም» ብሎ ጻፈልኝ። እነዚህ ሰዎች ሕጋዊ ናቸው? ወይስ ሕገወጧ እኔ ነኝ? ምን ላድርግ? ግራ የገባት።»

እህቴ፣

መጀመሪያ ረጋ በይ። 1,400 ፓውንድ ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ግን ገና አልቀለጠም።

ከደብዳቤሽ ያሳሰበኝ ጥያቄው ራሱ ነው። «ሕጋዊ ናቸው ወይ?» ትያለሽ። ግሩፑ የተጣላው በዚሁ ነው። ሥራ አስኪያጁም መልሶ የመታሽ በዚሁ ዱላ ነው። ይህ ክርክር ዓመት ቢቀጥል ማንም አያሸንፍም፣ አንቺም ቤሳ ቤስቲን አታገኚበትም።

ምክንያቱም ሰዉ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አደባልቆ ነው የሚጨቃጨቀው። ኩባንያው መዝገብ ላይ አለ ወይ? ካንቺ ጋር የሚጻጻፈው ሰውዬ በእርግጥ የዚያ ኩባንያ ሰው ነው ወይ? ቢሆንስ፣ የመክፈል ዓቅሙም ፍላጎቱም አለው ወይ? አንድ ኩባንያ በሕግ ተመዝግቦ፣ ዳይሬክተሩ ታውቆ፣ ሪፖርቱን በጊዜው አስገብቶ፣ የሠራ ሰው ገንዘብ ሊበላ ይችላል። በሌላ በኩል ምንም ምዝገባ የሌለው ሰው በተባለው ቀን ሳያጓድል ይከፍላል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ፍሪላንስ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ግሩፕሽ ላይ የተነሱት ሁለቱም ወገኖች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ያጠረው ድርጅት ሁሉንም እኩል አይከዳም። ነገ የሚያስፈልገውን ሰው ይከፍላል። የሚጮህበትንም ይከፍላል። በቀላሉ የሚተካውንና ዝም ያለውን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። ስለዚህ «እኔን ከፍለውኛል» ያለሽ ሰው የነገረሽ ስለ ራሱ ነው፣ ስላንቺ ኢንቮይስ የሚያውቀው ነገር የለም። «በልተውኛል» ያለውም እንደዚያው።

አድራሻው ለምን እንዳስደነገጠሽ ይገባኛል። ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም። አሜሪካ ደላዌር ግዛት፣ ዊልሚንግተን ከተማ ውስጥ፣ 1209 ኖርዝ ኦሬንጅ የሚባል አድራሻ አለ። ፎቅ እንኳ የሌለው ተራ ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውዮርክ ታይምስ ስለዚህ ሕንፃ ሲጽፍ ከ285,000 በላይ ኩባንያዎች በሕግ አድራሻነት ይጠቀሙበት እንደነበር ዘግቦ ነበር፤ አፕል፣ ጉግል፣ ኮካ ኮላና ፎርድ ሳይቀሩ። እንግሊዝ ውስጥም አድራሻ በማከራየት የሚኖሩ የምዝገባ ወኪሎች ሞልተዋል። ኢስቶኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ለውጭ ሀገር ሰዎች ዲጂታል መታወቂያ እየሰጠች፣ ሰዎቹ አገሯን በእግራቸው ሳይረግጡ ኩባንያ እንዲከፍቱባት ትፈቅዳለች። ኩባንያው አንድ ሀገር፣ ባለቤቱ ሌላ ሀገር፣ ሠራተኛው ሦስተኛ ሀገር መሆኑ የዘመኑ አሠራር እንጂ በራሱ ወንጀል አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ «እንግሊዝ ተመዝግበዋል እኮ!» እያለ የሚሟገትልሽን ሰው እንዳትሰሚው። የእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብ ቤት፣ ካምፓኒስ ሃውስ፣ ለረጅም ጊዜ የተላከለትን መረጃ በአመዛኙ እንዳለ ነበር የሚመዘግበው። በ12 ፓውንድ፣ በኢንተርኔት፣ ቁጭ ብለሽ ኩባንያ ትከፍቺ ነበር። አጠራጣሪ መረጃ ሲያይ «ይህ እንዴት ነው?» ብሎ የመጠየቅና የመመለስ ሰፋ ያለ ሥልጣን ያገኘው እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2024 ነው። የዳይሬክተሮች ማንነት መረጋገጥ ግዴታ የሆነው ደግሞ ኖቬምበር 18 ቀን 2025 ነው፣ ያውም ለነባሮቹ ቀስ በቀስ። እና ምዝገባ የጨዋነት ሰርተፊኬት አይደለም። የሚጠቅምሽ ለሌላ ነገር ነው፤ ዕዳውን የምትጠይቂው ማንን እንደሆነ ይነግርሻል።

እንግዲህ መዝገቡን ክፈቺ። ፍለጋው ነፃ ነው። ኮንትራትሽ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አስገቢ እንጂ ድረ ገጹ ላይ ያለውን የሚያምር ስም አይደለም፤ የንግድ ስምና የሕግ ስም ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ስታገኚው የኩባንያ ቁጥሩን ያዢ። ስም ይቀየራል፣ ቁጥሩ ግን አይቀየርም።

ከዚያ ቀጥታ «ስታተስ»፣ ማለትም የኩባንያው ሁኔታ፣ ወደሚለው ሂጂ። ብዙ ሰው እዚያ «አክቲቭ»፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ፣ የሚለውን ሲያይ ደስ ብሎት ይዘጋዋል። አትዝጊው። ከአክቲቭ ቀጥሎ ከመዝገብ ለመሰረዝ ሐሳብ ቀርቧል የሚል ተጨምሮ ከሆነ ሰዓትሽ እየቆጠረ ነው። በእንግሊዝ አንድ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይሰረዛል። አንዱ፣ ማስገባት ያለበትን ሪፖርት ሳያስገባ ሲቀር መዝጋቢው ራሱ የሚጀምረው ነው። ሁለተኛው፣ ዳይሬክተሮቹ በፈቃዳቸው «ዝጉልን» ብለው የሚያመለክቱት ነው። በሁለቱም መንገድ ጋዜት በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ማስታወቂያ ይወጣል። በፈቃድ ሲሆን ከማስታወቂያው በኋላ ቢያንስ ሁለት ወር ይጠበቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከኩባንያው ገንዘብ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው መቃወም ይችላል። መቃወሚያው በኢንተርኔት ነው፣ በነፃ ነው፣ ጠበቃም አይጠይቅም። ኢንቮይስሽንና ኮንትራትሽን ታያይዣለሽ፣ «ይህ ኩባንያ ዕዳ አለብኝ አላለም እንጂ አለበት» ትያለሽ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ፍሪላንሰር ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። እሱ ግሩፕ ላይ «ሕጋዊ ናቸው፣ አይደሉም» እያለ ሲከራከር ኩባንያው ቀስ ብሎ ከመዝገብ ይወጣል። ከተሰረዘ በኋላ የቀረው ንብረት ለዘውዱ፣ ማለትም ለመንግሥት፣ ይሆናል። ኩባንያውን በፍርድ ቤት አስመልሶ ለመጠየቅ እስከ ስድስት ዓመት ጊዜ ቢኖርም ለ1,400 ፓውንድ ብሎ ያንን መንገድ የሚሄድ ሰው ብዙ አይደለም። ደግሞ ልብ በይ፤ ዳይሬክተሮቹ በፈቃድ ለመዝጋት ካመለከቱ የማመልከቻውን ቅጂ በሰባት ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ገንዘብ ጠያቂ የመላክ ግዴታ አለባቸው። ባለፉት ሦስት ወራት ሲነግድ የነበረ ኩባንያም በዚህ መንገድ መዘጋት አይችልም። አንቺ ባለፈው ወር ሥራ ተልኮልሽ ከሆነና በዚያው ሰሞን የመዝጊያ ማመልከቻ ገብቶ ካገኘሽ፣ ያ ስድብ ሳትሰድቢ የሚያስደነግጣቸው ማስረጃ ነው።

ሪፖርቶቻቸውንም ክፈቺ። «ዶርማንት» ብለው፣ ማለትም ምንም ሥራ አልሠራንም ብለው አስገብተው ከሆነ፣ ሪፖርቱ የሚሸፍነውን ጊዜ እይ። ካንቺ ጋር ከመሥራታቸው በፊት ላለው ዓመት ከሆነ ችግር የለውም። አንቺ ስትሠሪላቸው በነበረበት ወር ላይ ከሆነ ግን ወይ ለመንግሥት ዋሽተዋል፣ ወይ ሥራውን ያሠራሽ ሌላ ሰው ነው።

ይህ ወደ ከነከነኝ ነገር ያመጣኛል። ለምንድን ነው ገንዘቡ ከግለሰብ የሚመጣው?

ምናልባት ዳይሬክተሩ ራሱ ነው፣ ዝርክርክ ሆኖ ከግል አካውንቱ ይከፍላል። ትናንሽ ድርጅቶች ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ጥሩ ምልክት አይደለም፣ ግን ማጭበርበርም አይደለም። የዳይሬክተሩ ስም መዝገቡ ላይ ስላለ አወዳድሪው። ስሙ ካልገጠመ ግን ሁለት ሌሎች ነገሮች ይመጣሉ። አንደኛው፣ ሰውዬው መሀል ላይ የገባ ደላላ ሊሆን ይችላል። ከኩባንያው ሥራ ይወስዳል፣ ላንቺ ቆርሶ በዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፣ የኩባንያውን ስም እንደ ራሱ ይጠቀማል። እንዲህ ከሆነ ኩባንያው ለሱ ከፍሎ ጨርሶ ሊሆን ይችላል፣ አንቺን ጭራሽ ላያውቅሽ ይችላል። ግሩፑ ላይ የነበረው ጠብም ወዲያው ይገባሻል፤ በቀጥታ የሠሩት ተከፈላቸው፣ በደላላው በኩል የገቡት ተበሉ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የደህና ኩባንያ ስም፣ ቁጥርና አድራሻ ገልብጦ ኢሜይሉ ላይ መለጠፍ ማንም ይችላል። አንቺ ስታጣሪ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ትክክል ያልሆነው ሰውዬው ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ይህ በተርጓሚዎችም ላይ ይደረጋል። የተርጓሚውን ሲቪ ከኢንተርኔት ወስደው ኢሜይሉን ብቻ ይቀይሩና በሱ ስም ሥራ ይለምናሉ፤ ሥራውን በማሽን አስተርጉመው ይልካሉ፤ ተቆጥቶ የሚመጣው ደንበኛ የሚሳደበው ግን እውነተኛውን ባለሲቪ ነው። ስለዚህ አንድ ኩባንያ ሲጠራጠርሽ ሁልጊዜ ንቀት ነው ብለሽ አትውሰጂው።

ይህን ለማጣራት የሚጻጻፍሽን ሰውዬ አትጠይቂ፤ እሱ ምን ሊልሽ ነው! የኢሜይሉን አድራሻ ከ«አት» ምልክቱ በኋላ ያለውን ፊደል በፊደል ከኩባንያው ድረ ገጽ ጋር አስተያዪ። አንድ ፊደል የተጨመረበት፣ አንድ ሰረዝ የገባበት፣ መጨረሻው የተለወጠ መሆኑን እይ። የድረ ገጹ ስም መቼ እንደተመዘገበም በነፃ ማየት ይቻላል፤ «ከአሥር ዓመት በላይ በሥራ ላይ» የሚል ድርጅት ድረ ገጹ ባለፈው ዓመት የተከፈተ ከሆነ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የእንግሊዝ ኩባንያ በንግድ ኢሜይሉም በድረ ገጹም ላይ የተመዘገበ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ የተመዘገበበትን ቦታና የመዝገብ አድራሻውን የመጻፍ ግዴታ አለበት። እስካሁን የመጡልሽን ኢሜይሎች ግርጌ እይ። አንዱም ላይ ከሌለ ያ ከአድራሻው ሕንፃ ይልቅ ሊያሳስብሽ ይገባል።

ከዚያ ኩባንያውን ራስሽ ባገኘሽው መንገድ አግኚው። መዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ በሪኮማንዴ ደብዳቤ ላኪ፤ ከ2024ቱ ለውጥ ወዲህ የመዝገብ አድራሻ ደብዳቤ ደርሶ ለኩባንያው ሰው የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ጥያቄሽ አጭር ይሁን፤ «እገሌ የሚባለው የእናንተ ሰው ነው? እነዚህን ሥራዎች ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ?» በቃ። ስለ ገንዘቡ ገና አታንሺ። «አዎ» ካሉ በጽሑፍ አመኑልሽ። «አናውቀውም» ካሉ ደግሞ ጠብሽ ከነሱ ጋር እንዳልሆነ አወቅሽ፣ ያንን ፖስትም በፍጥነት ማስተካከል አለብሽ፣ ምክንያቱም ስማቸው የተሰረቀባቸውን ሰዎች ሌባ ብለሻል።

አሁን ወዳንቺ «ሕገወጥነት» ልምጣ። ሥራ አስኪያጁ የጻፈልሽ ውሃ አያነሳም። እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በግሉ የሚሠራ ሰው ካምፓኒስ ሃውስ አይመዘገብም፤ ግብር ሰብሳቢው ጋ ራሱን ያሳውቃል እንጂ ኩባንያ ክፈት አይባልም። በብዙ ሀገርም እንዲሁ ነው። ሰውዬው ሲቀጥርሽ ኩባንያ እንደሌለሽ ያውቅ ነበር። መጀመሪያ የላክሻቸውን ኢንቮይሶች በዚያው መልክ ተቀብሎ ከፍሏል። ሥራሽን ተረክቦ ተጠቅሞበታል። ዛሬ ዕዳ ሲጠየቅ ትዝ ያለው «ሕጋዊነት» ሰበብ ነው፣ እና እንደ ሰበብ መልሺለት። «የጎደለ መረጃ ካለ ንገረኝ፣ አስተካክዬ በአዲስ ቀን እልካለሁ፤ ይህ ግን የክፍያውን ግዴታ አይቀይረውም» በይው። ስምሽ፣ አድራሻሽ፣ የኢንቮይስ ቁጥር፣ ቀን፣ የሥራው ዝርዝር፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የባንክ መረጃ፣ ካለሽም የግብር ከፋይ ቁጥር፤ ይሄ ካለ ከሱ ወገን የሚቀር ነገር የለም። በምትኖሪበት ሀገር ግብርሽን መክፈልና ፈቃድ ካስፈለገ ማውጣት ያንቺና የመንግሥትሽ ጉዳይ ነው። ካላደረግሽው አድርጊው፣ ግን እሱ ዳኛ አይሆንበትም።

ኩባንያዎች የሚጠይቁት ሁሉ ግን ወጥመድ አይደለም። ለምሳሌ የአሜሪካ ኩባንያ ደብልዩ 8 ቤን የሚባል የግብር ቅጽ ሙዪ ሲላቸው «መረጃዬን ሊሰርቁ ነው!» ብለው የሚጮኹ አሉ። የታወቀ የመንግሥት ቅጽ ነው፣ የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነ ሰው የሚሞላው። ቪዲዮ ኮል ላይ ፊትሽን አሳዪን ማለትም የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሰሜን ኮርያ የአይቲ ሠራተኞች በሌላ ሰው ማንነት በፍሪላንስ እየተቀጠሩ እንደሆነ በይፋ አስጠንቅቀዋል። በጁላይ 2025 ደግሞ ለነዚህ ሠራተኞች አሪዞና ቤቷ ውስጥ ላፕቶፖች ሰብስባ ታስተናግድ የነበረች ሴት 102 ወር እስር ተፈርዶባታል፤ ከ300 በላይ የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው የተታለሉት። ስለዚህ ካሜራ ክፈቺ ሲሉሽ ክፈቺ። የመታወቂያሽን ቅጂ ግን ማንነቱን ላላጣራሽው ሰው አትላኪ። ማንም ደግሞ «አካውንትሽን አከራዪኝ፣ በስምሽ ልሥራ፣ ቁጭ ብለሽ ድርሻሽን ውሰጂ» ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። ተይዞ የሚጠየቀው ስሙ የተጻፈበት ሰው ነው።

ፖስቱ። አሁን እንዳለ ስክሪንሾት አንሺው፣ ከነአስተያየቶቹ። ከዚያ «አጭበርባሪዎች» የሚለውን አውጪ። ፈርተሽ አይደለም፤ ልታረጋግጪው ስለማትችዪ ነው። አጭበርባሪ ስትዪ ሲጀምሩም ሊበሉኝ አስበው ነበር ማለትሽ ነው፣ ያንን ደግሞ አታውቂም። የምታውቂው ሥራ ማስረከብሽን፣ መክፈያው ቀን ማለፉንና ገንዘቡ አለመግባቱን ነው። እሱን ብቻ በቀን አስደግፈሽ ጻፊ፤ ያስረከብሽበትን ቀን፣ መከፈል የነበረበትን ቀን፣ እስከ ዛሬ አለመከፈሉን። የሥራ አስኪያጁን ስም፣ ፎቶ፣ የቤቱን ነገር አታንሺ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2013ቱ የስም ማጥፋት ሕግ መሠረት ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ስሜ ጠፋ ብሎ ለመክሰስ ከባድ የገንዘብ ጉዳት እንደደረሰበት ወይም ሊደርስበት እንደሚችል ማሳየት አለበት፤ የተጻፈው እውነት መሆኑም መከላከያ ነው። በሌላ ሀገር ሕጉ ጠንከር ያለ ሊሆን ይችላል፣ ግን የትም ቢሆን ደረቅ እውነት ከስድብ ይልቅ ይጠብቅሻል። ሰውንም የሚያስጠነቅቀው እሱው ነው፤ ተርጓሚዎች ፕሮዝ በሚባለው የተርጓሚዎች ድረ ገጽ ላይ ያለውን ብሉ ቦርድ፣ ማለትም የደንበኞች መመዘኛ ሰሌዳ፣ የሚያዩት «ከዚህ ድርጅት ጋር ደግሜ እሠራለሁ ወይ?» ለሚለው ከ1 እስከ 5 የተሰጠውን ነጥብ ፈልገው እንጂ የስድብ ውድድር ለማየት አይደለም።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አትጻፊ፤ «ካልከፈላችሁኝ እለጥፍባችኋለሁ» ወይም «ክፈሉኝና አነሳዋለሁ» የሚል። ዕዳ ጠያቂ የነበርሽው በአንድ መልእክት አስፈራሪ ልትባዪ ትችያለሽ። ፖስቱና ዕዳው በተለያየ መንገድ ይሂዱ።

ማን እንደሆነ ካጣራሽ በኋላ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፊ። ለሥራ አስኪያጁ የግል መልእክት አይደለም፤ ለኩባንያው፣ በሙሉ ስሙና በቁጥሩ፣ በኢሜይልም በፖስታም። ኢንቮይሶቹን ዘርዝሪ፣ ኮንትራቱን፣ ሥራውን የተረከቡበትን ኢሜይልና ቀደም ብለው የከፈሉባቸውን ደረሰኞች አያይዢ፣ የ14 ቀን ጊዜ ስጪ። ኮንትራትሽ በእንግሊዝ ሕግ ይዳኛል የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. የ1998ቱን የዘገየ ክፍያ ሕግ ጥቀሺ። ሕጉ ድርጅት ለድርጅት ወይም በግሉ ለሚሠራ ባለሙያ ሲያዘገይ ከእንግሊዝ ባንክ መነሻ ወለድ ላይ 8 በመቶ ተጨማሪ ወለድ በዓመት ያስከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ኢንቮይስም የማስከፈያ ወጪ ይጨምራል፣ ከ1,000 ፓውንድ በታች ለሆነ 40 ፓውንድ። ላንቺ ሁለት ኢንቮይስ 80 ፓውንድ ነው። ወለዱ ከ8 በመቶው ብቻ በቀን 30 ፔንስ ገደማ ቢሆን ነው፤ አታበለጽግሽም፣ ግን ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ሕጉን ከሚያውቅ ሰው ጋር እንደሚጻጻፍ ይገባዋል። ኮንትራቱ እንዲህ ካላለ ወለዱን ተይውና ዋናውን ገንዘብ ብቻ ጠይቂ። ያልተረጋገጠ ሕግ ጠቅሶ ማስፈራራት ሥራ አስኪያጁ የሠራው ስህተት ነው።

14 ቀን አልፎ ዝም ጭጭ ካሉስ? ያኔ ሒሳብ ነው። ከሌላ ሀገር ሆኖ መክሰስ ይቻላል፣ ግን ጊዜም ገንዘብም ይበላል። መዝገቡ ላይ ያለው ኩባንያ ባዶ ቅርፊት መሆኑን ካየሽ ብትረቺም የምትወስጂው የለም። ንብረትና ሥራ ያለው ከሆነ እዚያው ያለ የሕግ ባለሙያ ጋ አንድ ጊዜ ማማከር ያዋጣል፤ ብዙ ጊዜ የሱ ደብዳቤ ብቻውን ዕዳቸውን እንዲከፍሉ ያደርጋቸዋል። ግሩፑ ላይ ተበልተናል ያሉት ሰዎችም አሉልሽ። በየፊናችሁ ከምትጮኹ ወጪውን ተካፈሉት።

ደግሞ ጠብቂ፤ ፖስትሽን ያዩ «ገንዘብሽን እናስመልስልሻለን» የሚሉ ሰዎች በግል መልእክት ይመጡብሻል። ቀድመሽ ክፈዪ ካሉሽ በዚያው ዝጊያቸው። የተበላን ሰው ደግመው የሚበሉ ናቸው።

እስከዚያ ድረስ ለዚህ ድርጅት አዲስ ሥራ አትቀበዪ። አንዱን ኢንቮይስ ከፍለው «ሌላውን ከዚህ ሥራ ጋር እናጠቃልልልሻለን» ማለታቸው አይቀርም። አመስግነሽ የሁለተኛውን ክፍያ እንደምትጠብቂ ንገሪያቸው፣ ፋይል ግን እንዳትከፍቺ። ለወደፊቱም ከአዲስ ደንበኛ ጋር የመጀመሪያው ሥራ ትንሽ ይሁን፤ እሱ ሳይከፈል ሁለተኛው አይጀመር። ትልቅ ሥራ ከሆነ ከፊሉን በቅድሚያ፣ ወይም ገንዘቡን በመሀል በሚይዝ የፍሪላንስ መድረክ በኩል።

ለዛሬ ግን ከሁሉ አስቀድመሽ የምትሠሪው ቀላል ነው። ግሩፑ ላይ «ስም አታጥፊ» ካሉሽ ሰዎች ለአንዱ በግል፣ በትሕትና ጻፊለት። አትከራከሪው። «ላንተ የሚከፍሉህ በማን ስም ነው?» ብለሽ ብቻ ጠይቂው። በኩባንያው ስም ከሆነና ላንቺ በግለሰብ ከሆነ መሀል ላይ ደላላ ወይም ስም የሰረቀ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ከዚያ ወደ መዝገቡ፣ ከዚያ ወደ ደብዳቤው። ረቂቁን ከመላክሽ በፊት እንዳየው ከፈለግሽ ላኪልኝ፤ ስሞቹንና የባንክ ቁጥርሽን ግን ሰርዢበት።